የሁለት ትሪ ሳንዱች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሙሴ ኒኮ አንድ ዳቦ፣ አንድ ጥርሳም ቢላዋና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝና «ሳንዱች ሥሪ» አለኝ። የሳንዱች ቤቱ ባለቤት እሱ ነው፣ ግሪካዊ ነበር፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአገር ቤት ከመጣሁ ገና አምስት ወር ሆኖኛል። ሳንዱች የሚሉትን ነገር በመስታወት ውስጥ አይቼው አውቃለሁ እንጂ ቀምሼው አላውቅም።

ዳቦውን ለሁለት ሰነጠቅኩት። እንቁላሉን ሙሉውን መሃል አስቀመጥኩና ከላይ ጫን አደረግኩት። እንቁላሉ በአንድ በኩል ሾልኮ ወጣና ባንኮኒው ላይ ተንከባለለ። ሙሴ ኒኮ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። እንቁላሉን አነሳ፣ በጨርቅ ጠረገውና ራሱ በላው። ሌላ እንቁላል አመጣ።

«አሁን እዪ» አለኝ።

ዳቦውን በጣት ውፍረት ቆረጠ። ቅቤውን ከዳር እስከ ዳር ቀባ፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ቢላዋውን ገልበጥ አድርጎ ጥጉንም አልተወውም። «ቅቤ በር ነው» አለ። «በር ካልዘጋሽ ውሃ ይገባል፣ ዳቦ ይሞታል።» እንቁላሉን በስሱ ቆራርጦ ደረደረ፣ ጨው በተነ፣ ሌላውን ዳቦ ደፋበት። አራቱንም የዳቦ ቅርፊት ከረከመ። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ቆረጠና በወረቀት ጠቀለለው።

«ይሄ ለስንት ሰው ነው?» አልኩት።

«ለአንድ ሰው» አለኝ። «አንድ ሰው፣ አንድ አፍ።»

ያን ቀን ቅርፊቱን ሰብስቤ ጓዳ ውስጥ በሻይ በላሁት። ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የተሠራ ምግብ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኛ አገር ለብቻው የሚሠራለት የታመመ ሰው ነው።

ቤቱ ፒያሳ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ የለም፣ መንገድ ሆኗል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ በቀስታ ነው የምጽፈው። የምጽፈውም ዛሬ በየካፌው ጓዳ ቆማችሁ ዳቦ ለምትሞሉ ልጆች ነው። የእናንተ ማሽን ከእኛ ይሻላል። ሥራው ግን ያው ነው።

ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ማዕረግ ነበረው። ታች ዕቃ አጣቢ ነው። ቀጥሎ ዳቦ ቆራጭ። ቀጥሎ ቅቤ ቀቢ። ከዚያ ሞይ፤ ሞይ ማለት ውስጡ የሚገባውን የሚመጥን ነው። ከሁሉ በላይ ባንኮኒ ላይ የሚቆመው ነው፤ እሱ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል። እኔ ባንኮኒው ዘንድ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ከዕቃ አጣቢነት ስወጣ የተሰጠኝ ነጭ ጋወን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርስ ነበር፤ ከእኔ በፊት የለበሰው ሰው ረጅም ነበር።

ባንኮኒ ላይ ስቆም ነው ሳንዱች አንድ ዓይነት እንዳልሆነ የገባኝ።

አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነበር፤ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ ነው። እሱ የሚፈልገው ዳቦና ሞርታዴላ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሙሴ ኒኮ እንዳስተማረኝ ቅቤ ቀብቼ ሰጠሁት። ከፈት አድርጎ አየና «ምነው ወልዴ፣ ዛሬ ልደቴ ነው እንዴ?» አለኝ። ቅቤ ያለበት ዳቦ ለእሱ ኬክ ነበር። ቅርፊቱንም አትንካብኝ ይላል፤ ቅርፊቱ የሌለው ዳቦ ጥርስ የሌለው ሰው ነው የሚበላው ባይ ነው።

አንዲት አርመናዊት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የደረቀውን ስጋ ከቤታቸው ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ መቁረጥ ብቻ ነው። የቆረጥኩትን አንስተው መስኮቱ ላይ ይይዙና በውስጡ ያያሉ። «መንገዱ ካልታየኝ ወፍራም ነው» ይሉኛል። ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል፣ በሆምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ይጨምሩበታል፣ ቆመው ይበሉና ይሄዳሉ።

አንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ ደግሞ ነበረች። ነጭ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ኪያር። ሌላ ምንም የለም። እኔ ችግር ላይ ያለች መስሎኝ አንጀቴን በላችኝ። አንድ ቀን ከኪያሩ ሥር እንቁላል ደብቄ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ገመጠችና ተመልሳ መጣች። «ወልዴ፣ በጣም አመሰግናለሁ» አለችኝ በደህና አማርኛ። «ግን እኔ ያዘዝኩት ኪያር ነው።» ሙሴ ኒኮ ከኋላዬ ሰምቶ ኖሮ «ማዘን ከፈለግሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ» አለኝ።

የእኛ ሰው እንግዲህ ሌላ ነው። ሦስት ሆኖ ይመጣና አንድ ሳንዱች ያዛል፤ ከእሱ ጋር ባዶ ሳህን። ሳንዱቹ ሲቀርብለት መጀመሪያ ክዳኑን ገልጦ ያያል። ከዚያ ቃሪያ ይጠይቃል። ከዚያ ሳህኑን ወደ መሃል ይገፋዋል። ከዚያ «ብላ እንጂ»፣ «አንተ ብላ»፣ «ኧረ በሞቴ» ይባባላል። ሙሴ ኒኮ ሰዓቱን እያየ ይንጨረጨራል። ፈረንጅ ሳንዱች የሚበላው ስለቸኮለ ነው፤ የእኛ ሰው ሳንዱች አዝዞ አንድ ሰዓት ይቀመጣል።

ከአምስት ኪሎ የሚመጡት ተማሪዎች ደግሞ ፍርፍር አዝዘው፣ ባዶ ዳቦ አስመጥተው፣ ፍርፍሩን ዳቦው ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ሙሴ ኒኮ መጀመሪያ ያየ ዕለት ራሱን ያዘ።

«እንጀራ በዳቦ ውስጥ? ዳቦ በዳቦ ነው እኮ!»

«ሙሴ፣ አይሳሳቱ» አለው አንደኛው፤ ያራዳ ልጅ ነው። «አንዱ ሰውየው ነው፣ አንዱ ካፖርቱ ነው።»

ሙሴ ኒኮ ከዚያ በኋላ ፍርፍር በዳቦ የሚያዝ ሲመጣ «አንድ ሰው ከነካፖርቱ» እያለ ወደ ጓዳ ይጣራ ነበር።

ሙሴ ኒኮ ሲያረጅ ቤቱን ለገንዘብ ያዧ ለእትዬ ብርሃኔ ለቀቀላቸው። እትዬ ብርሃኔ ጨዋታ የማይወዱ፣ ንጽሕና የሚወዱ ሴት ነበሩ። ከሙሴ ኒኮ የበለጠ የፈረንጅ ሥርዓት የጠበቁት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

በእሳቸው ጊዜ ነው አራት ቢላዋ የያዝኩት። ነጭ እጀታ ያለው ለሞርታዴላ ነው፣ የአሳማ ስጋ ስለሆነ፤ እሱን ከፈረንጅ በቀር የሚበላ የለም። የእንጨት እጀታ ያለው ለእኛ ስጋ፣ ለእንቁላልና ለቅቤ። ጥቁሩ ለጾም፤ እሱን ቅቤ ነክቶት አያውቅም። አራተኛውን እጀታውን ቀይ ክር ጠመጠምኩበት፤ እሱ እስላም ካረደው ስጋ በቀር ሌላ አይነካም። እያንዳንዱ ቢላዋ የየራሱ መክተፊያ አለው። ጨርቁም የየራሱ ነው። ሳንዱቹ ሲወጣ እንዳይምታታ የጥርስ እንጨት እሰካበታለሁ፤ ቀይ ቀለም የነካው ለሙስሊም፣ ነጩ ለክርስቲያን።

ይህ ሥራ ስም አወጣልኝ። ሰው ለሰው «ከወልዴ እጅ ብላ፣ እሱ አያደባልቅም» ይባባል ነበር። ቄስም ሼህም በልበ ሙሉነት ይበላልኛል። በሥራ ዘመኔ የኮራሁበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ደግሞም ያሳፈረኝ እሱው ነው።

ተክሌና ሸምሱ የአጎት ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም። እኛ አገር ይህ የሚገርም ነገር አይደለም። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንድ የጨርቅ ሱቅ አብረው ይሠሩ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አንዳቸው ሱቁን ለጎረቤት አደራ ይሉና ሁለቱም ወደ እኔ ይመጣሉ። የሚያዙት አንድ ረጅም ዳቦ በእንቁላል ነው፤ በጾም ቀን በድንችና በቲማቲም። «ጋሽ ወልዴ፣ ቢላዋ አያስነኩት» ይሉኛል። በእጃቸው ገምሰው ይካፈሉታል። ተክሌ ትልቁን ለሸምሱ ይገፋል፣ ሸምሱ መልሶ ይገፋዋል፤ ከሚበሉበት የሚገፋፉበት ጊዜ ይበልጣል።

ሸምሱ ከአገር ቤት ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር። ያደረው፣ የበላው፣ ሥራ የለመደው በተክሌ እናት በእትዬ ዘነበች ቤት ነው። እትዬ ዘነበች ሲሞቱ ታዲያ ሸምሱ ለንግድ ጅማ ሄዶ ነበር። ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ሸምሱ የተመለሰው በአራተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው።

ተክሌ «ያሳደገችህን ሴት አልቀበርክም» አለው።

ሸምሱ ደግሞ «እናቴ ስትሞት አልነገርከኝም» አለው።

ተክሌ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ ሌላ ሰው የደወለለት መስሎት ነው። ሸምሱ ደግሞ ማንም አልደወለለትም። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ሁለቱም ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሱቁን መሃል ለመሃል በስስ ጣውላ ከፈሉት። በሩም ሁለት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ተክሌ በስድስት ሰዓት፣ ሸምሱ በሰባት ሰዓት ተኩል ይመጡ ጀመር። የየራሳቸውን ያዛሉ። ሁለቱም አይጨርሱትም። ግማሹን ትተው ይሄዳሉ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ግማሽና ግማሽ ከጠረጴዛ ላይ አነሳሁ። ምን ልበላችሁ፣ ዕቃ ሲታጠብ እንደዚያ የከበደኝ ሳህን የለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሐጂ ነስሩ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ። የሁለቱም ታላቅ አጎት ናቸው፤ ከአባቶቻቸው በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ይመስለኛል። ጨዋታ ያውቃሉ።

«ብርሃኔ፣ ጓዳሽን አከራይኝ» አሉ።

«ምን ሊያደርጉበት ሐጂ?»

«ሁለት በሬ ልጠምድበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክሌ ሸምሱ ቤት አልሄድም ብሏል፤ ሸምሱም ተክሌ ቤት አልሄድም ብሏል። ሐጂ ቤት እንዳይሆን ቤታቸው ሩቅ ነው፣ ደግሞ ሁለቱም ምክንያት ያበዛሉ። የእኛ ቤት ግን የማንም አይደለም። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲሆን ቀጠሩ። ዘጠኝ ሰዓት የሆነው የምሳ ግርግር እስከዚያ ስለሚያልፍ ነው።

«ዘንድሮ ካልታረቁ እኔ ለከርሞ አልደርስም» አሉ ሐጂ ሲወጡ፤ ይህን ሲሉ አልቀለዱም። «ከእኔ በኋላ የሚያስታርቃቸው የለም።»

እትዬ ብርሃኔ ምግቡ ከቤቱ ነው አሉ። ጓዳ ጠሩኝና «ወልዴ፣ እንደ ትልቅ ሆቴል ይሁን» አሉኝ። «ትንንሽ፣ ቅርፊቱ የወጣለት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን። ሐጂና ሸምሱ በስጋ ይከበሩ፤ ከእስላም ሥጋ ቤት አስመጣለሁ። ተክሌ ጾመኛ ስለሆነ በአቮካዶ። እንዳታምታታብኝ።»

«እኔ መቼ አምታትቼ አውቃለሁ እትዬ?» አልኳቸው።

አላምታታሁም። ረቡዕ ጠዋት ቢላዋዎቹን ሳልኩ፣ መክተፊያዎቹን በፈላ ውሃ አጠብኩ። ስጋውን በቀይ ክር ቢላዋ፣ አቮካዶውንና ቲማቲሙን በጥቁሩ። በጾሙ ላይ ቅቤ ስለማይቀባ ዳቦው እንዳይርስ የጎመን ቅጠል ከሥር አነጠፍኩለት፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም። ሁለት ትሪ ሞላሁ። በአንዱ ቀይ እንጨት፣ በአንዱ ነጭ። ቅርፊቱ በትክክል ተከርክሟል፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። ሙሴ ኒኮ ቢያየው ይስመኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ጓዳ ውስጥ ሦስቱ፣ እትዬ ብርሃኔና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር እኔ ትሪዎቹን ይዤ ደጅ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ተክሌ ተናገረ፣ ከዚያ ሸምሱ። ድምፅ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። በመጨረሻ ሐጂ «በቃ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ልክ የሆነ ሰው ነው የሚያስቸግረው» ሲሉ ሰማሁ። ወንበር ተንቀሳቀሰ። ተነሥተው የሐጂን ጉልበት ሳሙ፤ ከዚያ እርስ በርስ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ። እንደ ነገሩ ነው። ግን ተነካኩ።

«ወልዴ!» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

ገባሁ። ሁለቱን ትሪ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሐጂ ነስሩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተጠጉ።

«በሉ፣ ዳቦውን ልቁረስላችሁና ልመርቃችሁ» አሉና ቆም አሉ። ትሪውን አዩ። «ይሄን ማን ቆረሰው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

«መርቀህ ነው የቆረስከው?»

«አይ… በቢላዋ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሐጂም ሳቁ። «እኔ ነኝ ሽማግሌው ብዬ ከዘራ ይዤ እመጣለሁ፣ ለካ ሽማግሌው ባንኮኒ ላይ ኖሯል» አሉ። እኔም ሳቅኩ። እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር።

ሸምሱ ሳቁ እንዳለ እጁን ሰደደ። ፊት ለፊቱ ያለው ትሪ ባለ ነጭ እንጨቱ ነው፤ ከተክሌ አጠገብ። እኔ የሃያ ስምንት ዓመት ልማድ ነው እንግዲህ፣ ሳላስብ ትሪውን ሳብ አደረግኩት።

«አይ ሸምሱ፣ ያ የተክሌ ነው። ያንተ ይሄ ነው፣ ባለ ቀዩ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

ተክሌ ትሪዎቹን ከአንዱ ወደ አንዱ አየ።

«ለየብቻ ነው ያዘዝከው?» አለው ሸምሱን።

«እኔ ምን አዘዝኩ?»

«ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ላለመብላት?»

«አንተ ነህ እንጂ! የእናትህ ቤት ትሪ ስንት ነበር? ስንት ነበር ተክሌ? ዛሬ ነው ለእኔ ቀይ እንጨት የተሰካብኝ?»

«እናቴን አታንሳ።»

«አነሳለሁ! እኔንም አብልታኛለች!»

ተክሌ ኮቱን አነሳ። እኔ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ እነሱ አላዘዙም» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል። ተክሌ «እርስዎማ የታዘዙትን ነው ጋሽ ወልዴ» አለኝ እንጂ ፊቴንም አላየም።

ሐጂ ነስሩ አልጮኹም። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ወደ በሩ ሄዱና ከዘራቸውን በሩ ላይ አጋደሙት። እሳቸውም ከጎኑ ቆሙ።

«ዳቦ ሳልቆርስ ማንም አይወጣም» አሉ። «መውጣት የሚፈልግ እኔን ገፍትሮ ይውጣ።»

ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ሰው ማን ይገፈትራል። ተክሌ ቆሞ ቀረ። ሸምሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወልዴ፣ ቢላዋ ያልነካው ዳቦ የለህም?»

ከከዘራው ሥር ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ዳቦ ጠዋት ሁሉንም ቆርጬዋለሁ። የቀረችው ለቤቴ የገዛኋት አንዲት ክብ ዳቦ ናት፤ መደርደሪያ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አወረድኳት። ጎኗን በጣቴ እንደ ኪስ ፈልቅቄ ከፈትኩ፤ ዳር እስከ ዳር አልለያየኋትም። እጄ ራሱ ወደ ቅቤው ዕቃ ሄደ። ከያዝኩት በኋላ ነው ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ። መልሼ ከደንኩት።

ቆሜ አሰብኩ። ስጋ ተክሌ አይበላም። አዋዜው ጠጅ አለበት፣ ሸምሱ አይበላም። ሁልጊዜ የማስበው እንደዚህ ነው፤ ማን ምን አይበላም፣ ማን ምን አይበላም። ሁለቱ የሚበሉት ምንድን ነው ብዬ ግን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩት። ለሠራተኛ ምሳ የተቀቀለ ድንች ነበር። ባለቤቴ የቋጠረችልኝ ዳጣም ነበረኝ፤ አረንጓዴው ቃሪያ ከነነጭ ሽንኩርቱ የተፈጨ። ያንን አገራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላዋል። ድንቹን በሹካ ደፈጠጥኩ፣ ዘይትና ቀይ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ ዳጣውን ሳልቆጥብ አደባለቅኩና ዳቦዋን ሞላኋት። በጣም ሞላኋት። አንድ አፍ አይደለም አምስት አፍ አይበቃትም።

ቢላዋ ሳልይዝ ገባሁ። ሐጂ ፊት አስቀመጥኳት።

«ይቁረሱልን» አልኩ።

ሐጂ መረቁ። አልቸኮሉም። የሞቱትን ጠሩ፣ እትዬ ዘነበችንም በስም ጠሩ። ሁለቱ ልጆች ራሳቸውን ደፍተው «አሜን» አሉ። ከዚያ ሐጂ ዳቦዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ገመሱ። እንግዲህ የሰማንያ ዓመት እጅ ነው፤ እኩል አልሆነም። ድንቹ በሙሉ በአንድ በኩል ሄደ። ዘይቱ እጅጌያቸው ላይ ፈሰሰ። ሞልቶ የፈሰሰው ለተክሌ ደረሰ። ለሸምሱ የደረሰው ባዶ ዳቦ ነው።

ሸምሱ ባዶ ዳቦውን ገልብጦ አየ።

ተክሌ አየው። ከዚያ የራሱን ዳቦ ገለጠና በጣቱ ድንቹን እየዛቀ ሸምሱ ዳቦ ላይ ይደርብለት ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ኧረ በቃህ፣ ለራስህም ይቅርልህ» አለ ሸምሱ።

«ብላ ዝም ብለህ።»

ሸምሱ ገመጠ። ዳጣው ያዘው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እትዬ ዘነበችም እንዲሁ ታበዛው ነበር» አለ። «አፈሩን እንኳ ሳላለብሳት።»

ተክሌ ያኝካል። አፉ ሞልቶ ነበር።

«እኔ ራሴ መደወል ነበረብኝ» አለ በኋላ። «እኔ ነበርኩ መደወል የነበረብኝ።»

ሁለቱም አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ከዳጣው ይሁን ከሌላው፣ ማንም አልጠየቀም። እትዬ ብርሃኔ ጠረጴዛው በዘይት ሲጨማለቅ እያዩ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ለእሳቸው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለቱን ትሪ አንስቼ ወጣሁ። ባለ ነጭ እንጨቱንም ባለ ቀዩንም ባንኮኒ ላይ ላለው ሰው አደልኩት።

ሐጂ ሲወጡ እጅጌያቸውን አሳዩኝ።

«ወልዴ፣ ይሄን ሚስቴ አይታ ምን ልበላት?»

«ዳቦ ቆርሼ ነው ይበሏት ሐጂ።»

«እኔ ልቆርስ ሄጄ ዳቦው እኔን ቆረሰኝ» ብለው ከዘራቸውን እያንኳኩ ወጡ። ከዚያ በኋላ ዓመትም አልቆዩም። ተክሌና ሸምሱ አብረው ተሸከሟቸው።

በማግስቱ እትዬ ብርሃኔ ጓዳ ጠሩኝ። ከሥራ የሚያሰናብቱኝ መስሎኝ ጋወኔን አውልቄ ገባሁ።

«ቢላዋዎቹን ልትተዋቸው ነው?» አሉኝ።

«አልተዋቸውም እትዬ። ሰው ያመነኝ በእነሱ ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትለውጠው?»

«አጠያየቄን» አልኩ። እሳቸውም ጋወንህን ልበስ አሉኝ።

የሱቁን ጣውላ አላፈረሱትም። ተክሌ በአንድ በኩል፣ ሸምሱ በሌላ በኩል ዕቃ ደርድረውበት ስለነበር ማፍረሱ አስቸጋሪ ሆነ። ሰው የሚያሳልፍ በር ከፈቱበት። ምሳ ሰዓት ላይ አንዳንድ ቀን አብረው ይመጣሉ፣ አንዳንድ ቀን ለየብቻ። ለየብቻ ሲመጡም ሳህኑ ላይ የሚተዉት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አራቱን ቢላዋ ለተረከበኝ ሰው ስሰጥ የትኛው እጀታ ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኩት። ቢላዋ አታደባልቅ፣ የጾምን ቀን አትርሳ፣ የማን ስጋ እንደሆነ ሳታውቅ አትቁረጥ አልኩት። ቀጥዬም ትእዛዝ ሲመጣልህ ስንት ሰው ነው ብለህ ብቻ አትለፍ፤ አብረው ነው ወይስ ለየብቻ የሚበሉት ብለህ ጠይቅ አልኩት።

ሰው የማይበላውን ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከማን ጋር እንደሚበላ ማወቅ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ጠንቅቄ ስለማውቅ ሁለተኛው ያለ አልመሰለኝም ነበር።